በብረትና በብረት መካከል ስለምትቆመው ጎሚኒ

በእንዲህ ያለው ገጽ ላይ ስለ ቅኔ መንገድ፥ ስለ ቀደሙት ሰዎች ታሪክና ስለ መጻሕፍት ምስጢር ማንበብ ልማዳችሁ ስለ ሆነ፥ ስለ መኪና እግር የተጻፈ ነገር ስታዩ ትደነቁ ይሆናል። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ሁሉ፥ ካህንም ቢሆን ነጋዴም ቢሆን፥ ተማሪም ቢሆን በሽተኛም ቢሆን፥ ሕይወቱን አደራ የሚሰጠው ለነጂው እጅ ብቻ አይደለም። ስሟን ሰምቶ ለማያውቃት፥ መልኳንም አይቶ ለማያውቃት፥ ከሰው ጡጫ ለማትበልጥ ለአንዲት ጥቍር የጎማ ቍራጭም ነው። ከቅኔ ዓይነቶች መካከል ትንሿ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ ቆማ የሰፊ ነገር ምስጢር እንደምትሸከም፥ ይህችም ትንሽ ነገር የትልቁን መኪና ሸክም ተሸክማ ትኖራለች። ስለዚህ ስለ እርሷ ጥቂት መናገር ከዚህ ገጽ ክብር የሚያንስ አይመስለኝም።

አስቀድሜ ስለ ስሟ ልናገር፤ የቅኔ ተማሪ አንድ ቃል ባገኘ ጊዜ ሥሩን ሳይመረምር ማለፍ አይሆንለትምና። መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። የመኪና ሠራተኞቻችን የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን አብዛኛው የመጣው ከኢጣልያኖች ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረራ ይዘው በቈዩበት ጊዜ መንገድ ይጠርጉ፥ የጭነት መኪና ይነዱ፥ የመጠገኛ ቤትም ይከፍቱ ነበርና፥ እነርሱ ድል ሆነው ሲወጡ ቃላቸው በጋራዥ ውስጥ ቀረ። በቋንቋቸው ጎማ ማለት ያው ጎማ ነው፤ ጎሚኒ ማለት ደግሞ ትንንሽ ጎማዎች ማለት ነው። በእነርሱ ዘንድ የብዙ ቍጥር የሆነውን እኛ ለአንዲቱም ለብዙዎቹም አድርገን ወሰድነው። ብራቾ የሚባለው የመኪና ክፍል ትርጓሜው ክንድ ነው። ባሌስትራ ያልነውም፥ ያ በኋላ እግር ላይ የሚደራረበው ብረት፥ የጥንት ወታደር የሚወረውርበት የቀስት ዓይነት ስም ነው፤ አጐባበጡን ላስተዋለ ሰው አሰያየሙ ያምራል። ወራሪው ሄዷል፤ ቃሉ ግን በእኛ ልጆች አፍ የእንጀራ ማግኛ ቋንቋ ሆኖ ይኖራል።

አሁን ወደ ሥራዋ ልግባ። የመኪናን የፊት እግር ለመረዳት የሰውን ክንድ ምሳሌ ማድረግ ይበቃል። መዳፍ በክንድ ጫፍ እንዳለ፥ መሽከርከሪያውም በብራቾው ጫፍ ላይ አለ። ክንድ ከትከሻ ጋር እንደ ተጋጠመ፥ ብራቾውም ሻንሲ ከሚባለው ከመኪናው አጥንት ጋር በብሎን ተጋጥሟል። መንገዱ ጐድጐድ ሲል ክንዱ ይወርዳል፤ ጕብ ሲል ክንዱ ይወጣል፤ ገላው ግን ባለበት እንዲረጋ ይፈለጋል። እንግዲህ ብረቱ ክንድ በብረቱ ብሎን ላይ ያለ አስታራቂ ቢገጠም ኖሮ፥ ብረት ብረትን እየፋቀ፥ እየጮኸና እየተበላላ ጥቂት ቀን እንኳ ባላገለገለ ነበር። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ጎሚኒዋ ትገባለች። አሠራሯ ሦስት ድርብ ነው፤ በውስጥ ብሎኑ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለ፤ በውጭ ብራቾው ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚገባ የብረት ቀለበት አለ፤ በመካከላቸው ደግሞ ከሁለቱም ጋር በእሳት ኃይል የተጣበቀ ጎማ አለ። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ጎማው እየተጠማዘዘ ይታዘዘዋል እንጂ በብረቱ ላይ አይንሸራተትም። ስለዚህም ቅባት አይፈልግም፤ ድምፅም የለውም። በዝምታ ይጠማዘዛል፤ በዝምታም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጎማ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ያገኘው በተፈጥሮው ብቻ አይደለም። ከዛፍ ተፈልቶ የሚወጣው ነጭ ወተት ረግቶ ሲደርቅ፥ በሙቀት ጊዜ ይልማል፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ደርቆ ይሰበራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ ጎማ ከድኝ ጋር ቀላቅሎ በእሳት ቢያሞቀው፥ ሙቀት የማያቀልጠው፥ ብርድም የማይሰብረው፥ ተስቦ የሚመለስ ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ይህ ለስላሳ ነገር ለስላሳ ሆኖ ሳለ ጽኑ የሆነው በእሳት አልፎ ነው። በዚህ ነገር ውስጥ ያለውን ምስጢር አንባቢ በራሱ ያስተውለው።

የእኛ አገር ገበሬ መኪና ከመታየቱ አስቀድሞ ይህን ጥበብ በእርሻው ያውቀው ነበር። ሞፈርን ከቀንበር ጋር የሚያያይዘው ብረት ወይም ችካል አይደለም፤ ምራን የሚባል የቆዳ ጠፍር ነው። በሬዎቹ እኩል አይራመዱም፤ መሬቱም እኩል አይደለም፤ ማረሻውም ድንጋይ ሲነካው ይዘላል። ቀንበርና ሞፈር ሳይላወሱ ቢቸነከሩ ኖሮ በመጀመሪያው ትልም ከሁለቱ አንዱ በተሰበረ ነበር። ምራኑ ግን መካከል ሆኖ ለሁለቱም እሺ እያለ የሁለቱንም ኃይል ያስተላልፋል። የመኪናም ጎሚኒ ማለት በብረት ዓለም የተተከለ ምራን ማለት ነው።

ይህች ጎሚኒ በምዕራብ ጎጃም የምትሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው ጎዳና 30 ኪሎሜትር የማይሞላ ነው፤ ሥራውም ጥቍር ሬንጅ ነው። ይሁን እንጂ ክረምት በመጣ ቍጥር ውሃ እየቦረቦረው ጕድጓድ ያወጣል፤ በየከተማው መግቢያና በየትምህርት ቤቱ ደጅ ደግሞ ለሕፃናት ደኅንነት ሲባል የተሠራ ጕብታ አለ። ከዋናው ጎዳና ወጣ ብሎ ወደ ገጠር የሚወስደውን የጠጠር መንገድማ ያየ ያውቀዋል። በዚህ ላይ ሰው ብቻ አይጫንም፤ የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ በጆንያ፥ በቆሎው፥ ጤፉ፥ ድንቹ ሁሉ በአናት ላይ ይከመራል። ሕዝቡ ዶልፊን እያለ የሚጠራት አነስተኛ ማመላለሻ እንዲህ ተጭና ከ2 ቶን በላይ ትመዝናለች። ነጂው ፍሬን በያዘ ጊዜ መሽከርከሪያው ልቁም ይላል፤ ገላው ግን ልሂድ ይላል። ይህ ክርክር ሁሉ የሚያልፈው በእነዚያ ጥቂት ጎሚኒዎች በኩል ነው። የሚያስደንቀው ማለቃቸው ሳይሆን ይህን ያህል መቈየታቸው ነው።

ሲያልቁም ምልክት ሳይሰጡ አያልቁም። መጀመሪያ ጕብታ ሲያልፉ ወይም ፍሬን ሲያዝ ከፊት እግር በኩል ‹‹ኳ›› የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ መሪው ይሰንፋል፤ ነጂው ቀጥ አድርጎ ይዞት ሳለ መኪናው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንገዋለላል። ቀጥሎም የጎማው አንድ ወገን ብቻውን ተበልቶ ይገኛል፤ ክንዱ ከቦታው ስለ ተዛነፈ መሽከርከሪያው መሬቱን አጋድሎ ይረግጣልና። በመጨረሻ ፍሬን በተያዘ ጊዜ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ አንዱ ክንድ ጸንቶ ሌላው ወደ ኋላ ይሸሻልና። ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ያለው የአገራችን ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የእኅቴ ልጅ ከእነዚህ ማመላለሻዎች አንዷን እየነዳ ቤቱን ያስተዳድራል። መኪናዋን የገዛው ከዕቁብ በወጣ ገንዘብና በብድር ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን ብትቆም የአንድ ቀን ዕዳ ይጨምርበታል። በዓለ ትንሣኤ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው አብሬው ከቡሬ ስመለስ፥ በጋቢናው ተቀምጬ ያንን የ‹‹ኳ›› ድምፅ ሰማሁ። ማንኩሳን እንዳለፍን ከብቶች ወደ ጎዳናው ገቡ፤ ልጁም ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋም ወደ ቀኝ፥ ወደ ቦዩ ወገን ሳበች። ልጁ በብርቱ ክንድ መሪውን ስለ መለሰው ማንም አልተጎዳም። ከኋላችን ሕፃን ያዘለች አንዲት እናት ነበረች፤ ሕፃኑ አልነቃም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ዓይኔን ከጎዳናው አላነሣሁም።

ቤት ገብተን ስንመካከር ሦስት አሳብ መጣ። የመጀመሪያው አሳብ የልጁ የራሱ ነበር። ‹‹የኔታ፥ ከበዓሉ በፊት ያለው ሳምንት የዓመቱ ዋና ገቢያችን ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት የሚሄድበት ነው፤ እስከ በዓሉ ቀስ ብዬ ልንዳና ከዚያ በኋላ አስጠግናታለሁ›› አለኝ። ሁለተኛው አሳብ የጎረቤቱ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ በየጊዜው ይዘጋ ስለ ነበር፥ መለዋወጫ ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ዳር በቶሎ አይገኝም፤ ስለዚህ እንደ በረባሶ ጫማ ከአሮጌ ጎማ ተቈርጦ ይግባለት አለ። ሦስተኛው አሳብ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ያቀረበው ነው። ‹‹ለእሽቅድምድም መኪና የሚገባውን ጠንካራውን ዓይነት ብታስገባ ዳግመኛ አያልቅብህም›› አለው። ሦስቱም አሳብ የሚናቅ አልነበረምና፥ በማግሥቱ ወደ አንድ ባለሙያ ዘንድ አብረን ሄድን።

ባለሙያው በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ፥ ቃሉ አጭር፥ እጁ ጥቍር ሰው ነው። መኪናዋን በክሪክ አነሣት፤ ረጅም ብረት ወስዶም በብራቾውና በሻንሲው መካከል አስገብቶ ጥቂት ፈነቀለው። ክንዱ ሊንቀሳቀስ በማይገባው አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ተላወሰ። ‹‹የኔታ፥ ይዩት›› ብሎ በባትሪ መብራት አሳየኝ፤ ጎማው በዙሪያው ተሰንጥቆ፥ ከውስጡ ቱቦ ተላቅቆ፥ በአንድ ወገን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ብሎኑ ራሱ የብረቱን ቀለበት ነክቶ አብረቅርቋል። ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ዘይት በላዩ ሲወርድበት ኖሮ እንደ ነበር ጨምሮ ነገረን፤ ዘይት ብረትን ያለሰልሳል፥ ጎማን ግን ያሳብጠዋል፥ ያበሰብሰዋልም።

ከዚያ በኋላ ለሦስቱም አሳብ መልስ ሰጠ። ስለ መጀመሪያው፥ ‹‹ቀስ ብለህ ብትነዳ ከብቱ ቀስ ብሎ አይገባልህም›› አለው። ስለ ሁለተኛው ሲመልስ፥ ከአሮጌ ጎማ የተቈረጠው ከብረቱ ጋር አልተጣበቀምና መጠማዘዙን ትቶ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተትም ይፋቃል፤ ውስጡ ያለው ክርና ሽቦም ብሎኑን ይበላዋል አለ። ለጫማ የሚበጅ ሁሉ ለክንድ አይበጅም። ስለ ሦስተኛው ግን ጥቂት አሰበና እንዲህ አለ። ለውድድር የተሠሩ ፈጣን መኪናዎች በጎማው ፈንታ ፖሊዩሪቴን የሚባል ጠንካራ ነገር ይገባላቸዋል፤ ለንጹሕ እሽቅድምድም የተሠሩትማ ያንንም ትተው በብረት ኳስ ይገጠማሉ። ክንዱ ከቦታው ጥቂት እንኳ ስለማይዛነፍ፥ መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የነጂውን ትእዛዝ ሳይዘገይ ይፈጽማል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ጠንካራው ነገር የመንገዱን ምት አይውጥም፤ እንዳለ ወደ ገላው ያስተላልፈዋል። እንዳይጮኽም ለእርሱ የተመደበ ቅባት ይፈልጋል። የእሽቅድምድም ነጂ ለፍጥነቱ ሲል መንገጫገጩን ይታገሣል፤ እርሱ ብቻውን ነውና። ያችን ሕፃን ያዘለች እናት ግን ማን ጠይቋታል? ሻንሲውስ በየቀኑ ያንን ምት ሲቀበል የሚሰነጠቀው መቼ ነው? የእሽቅድምድም መኪና ከውድድር በኋላ ሁሉ ይፈታል፥ ይመረመራል፤ የቡሬ መንገድ መኪና ግን ጠዋት ትነሣለች፥ ማታ ታድራለች፥ ነገም ትደግማለች። ስለዚህ ለእርሷ የሚገባት መጀመሪያ ስትሠራ የተሰጣት ለስላሳው ነው።

ልጁ ነገሩን ተቀበለ፤ መቀበሉም ቀላል አልነበረም። መለዋወጫው በጭነት መኪና እስኪመጣ ድረስ አሥራ አንድ ቀን ቈየ፤ በእነዚያ ቀኖች መኪናዋ በጋራዡ ግቢ ቆመች፤ የበዓሉም ገቢ አለፈ። የዕቁቡን ተራ ከወንድሙ ጋር ተለዋወጠ፤ ለልጆቹ ሊገዛው ያሰበውን ልብስም ለሌላ ጊዜ አደረገው። ይህን የምጽፈው ‹‹መጠገን ይገባል›› ብሎ መናገር ለማይከፍል ሰው ቀላል መሆኑን አንባቢ እንዳይዘነጋው ነው። የሚከፍል ሰው ግን አለ፤ የሚከፍለውም ማንም ሳያመሰግነው ነው፤ ያልደረሰን አደጋ ማንም አይቈጥርለትምና።

ጎሚኒዎቹ በመጡ ጊዜ ሥራውን ቆሜ አየሁ። ባለሙያው አስቀድሞ በስፕሪንግ ፈንታ የሚያገለግለውን የሚጠማዘዝ ረጅም ብረት ከማላላቱ በፊት የነበረበትን ቦታ በጭረት ምልክት አደረገ፤ ሲመልሰው ቁመቱ እንዳይለወጥ ነው። ብራቾውን ፈትቶ በሞርሳ አሰረው። አሮጌውን ጎሚኒ በእሳት አቃጥለው የሚያወጡ አሉ፤ እርሱ ግን ‹‹ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፥ እሳቱም ክንዱን ያደክማል›› ብሎ አልወደደም። በአንድ ወገን ሰፊ ቱቦ፥ በሌላው ወገን ልክ የሆነ ቀለበት አድርጎ፥ ረጅም ብሎን በመካከል አሳልፎ ዳዶውን ቀስ በቀስ ሲያዞር፥ አሮጌው እየተንቋቋ ወጣ። አዲሱንም በዚያው መንገድ አስገባው፤ በመዶሻ አልመታውም፤ መዶሻ ቀለበቱን ያጣምመዋልና። እንዲገባለትም ዘይት ሳይሆን የሳሙና ውሃ ቀባው። በቀኙ የታመመው ቢበዛም የግራውንም ለወጠ፤ አንዱ ክንድ አዲስ፥ ሌላው አሮጌ ሆኖ መኪና ቀጥ አይልም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ነገር የመጣው በመጨረሻ ነው። ብራቾው ወደ ቦታው ተመልሶ ብሎኖቹ ከገቡ በኋላ የጋራዡ ረዳት ሊያጠብቃቸው ቍልፉን አነሣ። መኪናዋ ገና በክሪክ ተነሥታ፥ እግሯም ተንጠልጥሎ ነበር። ባለሙያውም ‹‹ተው፥ ተንጠልጥሎ ሳለ አይጠብቅም›› ብሎ እጁን ያዘው። ጎማውን አስገባ፤ መኪናዋን ወደ መሬት አወረዳት፤ ጥቂት ጊዜም ወደ ታች ጫን ጫን አድርጎ አወዛወዛት፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሸክሟን ይዛ በእግሯ ቆማ ሳለ ከሥር ገብቶ ብሎኖቹን አጠበቀ።

ምክንያቱን ጠየቅሁት። እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡን ቱቦ ከሻንሲው ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጎማው ‹‹ቦታዬ ይህ ነው›› ብሎ የሚያውቀው በዚያች ሰዓት ክንዱ የነበረበትን አቋም ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠብቅ፥ መኪናው ወርዶ ሸክሙን በተቀበለ ጊዜ ጎማው ቆሞ እንኳ ሳለ የተጠማዘዘ ይሆናል። ዕረፍት የሚባል ነገር አያገኝም፤ በእያንዳንዱ ጕብታም ከልኩ በላይ ይጠመዘዛል፤ በጥቂት ጊዜም ይቀደዳል። ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ የጠበቀው ግን ዕረፍቱ በሸክሙ ሥር ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ጥቂት ጥቂት ብቻ ይጠመዘዛል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። እንግዲህ በአንድ ዓይነት ጎሚኒ፥ በአንድ ዓይነት ብሎን፥ በአንድ ሰው እጅ የተሠራ ሥራ፥ የሚጠብቅበት ሰዓት ስለ ተለየ ብቻ አንዱ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ሌላው ፈጥኖ ይጠፋል።

ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁን ደግሞ በጎጃም ምድር ለሚኖር ሰው መፈለግ አያስቸግረውም። በአገራችን ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች ሲኖሩ በመካከላቸው ሽማግሌ ይገባል። እነዚያ ብረት ናቸው፤ እርሱ ግን በአንደበቱ ለስላሳ ነው። አንዱ ሲገፋ ይቀበላል፤ ሌላው ሲጎትት ይታዘዛል፤ ከሁለቱም ጋር ተጣብቋል፥ ለሁለቱም ግን አያደላም። ድምፁ ስለማይሰማ ሥራው አይታወቅም፤ እርሱ በታጣ ጊዜ ግን ብረት ከብረት ጋር ተገናኝቶ ‹‹ኳ›› ሲል አገር ሁሉ ይሰማዋል። በእነዚህ ዓመታት በክልላችን የሰማነው ድምፅ ከየት እንደ መጣ አስተውሎ ለሚያየው፥ ከሁለቱ ብረቶች ማናቸው የበለጠ ጠንካራ ነው ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፥ በመካከል የነበረው ለስላሳ ነገር መቼ አለቀ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የባለሙያውም ደንብ ለዚሁ ይሠራል። በሁለት ወገን መካከል የሚቆም ሰው የሚመረጠው ተንጠልጥሎ ሳለ፥ ሸክሙ ሳይሰማው፥ ከሩቅ ቦታ ሆኖ ከሆነ፥ ቃሉ ገና ከመጀመሪያው የተጠማዘዘ ነው፤ የሕዝቡ ክብደት ባረፈበት ቀን ይቀደዳል። በእግሩ መሬት ረግጦ፥ የገበሬውን ማዳበሪያ ማጣት፥ የነጋዴውን መንገድ መዘጋት፥ የእናቲቱን ልጅ ማጣት አብሮ ተሸክሞ ሳለ የጠበቀ ሰው ግን ዕረፍቱ በዚያው ሸክም ሥር ነውና ይጸናል። ‹‹ጠንካራ ሰው ይግባበት›› የሚሉም አሉ፤ ያ ግን የእሽቅድምድም መኪና ምክር ነው። ጠንካራው ሰው ነገሩን ፈጥኖ ያስፈጽም ይሆናል፤ ምቱን ሁሉ ግን ከኋላ ለተቀመጡት ያሳልፈዋል።

አንባቢ ሆይ፤ ወርቁን ይዘህ ሰሙን እንዳትጥለው እለምንሃለሁ፤ የምትሳፈረው በሰሙ ነውና። መኪና ያለህ እንደ ሆነ፥ ጎማ ለማስለወጥ ወደ ጎሚስታ በሄድህ ቍጥር የፊቱን እግር በብረት ፈንቅሎ እንዲያይልህ ለምነው። ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ አስቀድመህ እርሱን አስደፍን። አንዱን ወገን ብቻ አታስለውጥ። ከተለወጠ በኋላ መሽከርከሪያዎቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን፥ መለኪያ መሣሪያ ባለበት ከተማ ሳታስለካ አትቅር፤ ያለዚያ አዲሱ ጎማ በከንቱ ይበላል። ብሎኑም የሚጠብቀው መኪናው በእግሩ ቆሞ ሳለ መሆኑን ለሠራተኛው አስታውሰው፤ ቢያውቀውም አይቈጣህም። ተሳፋሪ ብቻ የሆንህ እንደ ሆነ ደግሞ ያ ድምፅ ሲሰማህ ዝም አትበል፤ ለነጂው በትሕትና ንገረው። ‹‹ዛሬ አልሄድም፥ መኪናዬ ትጠገን›› ያለ ነጂ ብታገኝ አትማረርበት፤ አመስግነው፤ የዕለት እንጀራውን ስለ አንተ ትቷልና።

የከተማችን ስም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገድን የሰላም መንገድ የሚያደርገው የላዩ ሬንጅ ብቻ እንዳልሆነ፥ በብረትና በብረት መካከል ገብታ ሁለቱንም በዝምታ የምትችል አንዲት ትንሽ ነገር ሳታልቅ መጠበቋም እንደ ሆነ፥ ይህን ያህል መናገር ይበቃል።